ቤዝ የሌለው የቤዝ ዘፈን

ባለፈው ቅዳሜ ሁለት አሳ ተበላሁ። ቆሮሶ ነበር፣ ጥብስ፣ ከነዳጣው። ሒሳቡን እኔ ከፈልኩ፣ ሌላ ሰው በላ። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አምቦ ውኃ እየጠጣሁ አጥንት ሲለቅም አየሁት።

ውርርድ ተሸንፌ ነው። የተወራረድነው በዘፈን ነው። ዘፈኑን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስሙን የማታውቁት ትኖራላችሁ፤ ችግር የለም፣ እኔም ለዓመታት አላውቀውም ነበር። «ኦ... ኦ-ኦ-ኦ-ኦ... ኦ... ኦ...» አዎ፣ እሱ። የኳሱ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ሥራዬ ትንሽ ልበል። ቀን ቀን ገበያው አካባቢ ባለች ጠባብ ሱቅ ስፒከርና አምፕሊፋየር እጠግናለሁ። አርብና ቅዳሜ ማታ ጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ቤዝ ተጫዋች ማለት ከድራሙ አጠገብ ቆሞ የሚያንቀላፋ የሚመስለው ሰውዬ ነው። ዘፋኙን ያጨበጭቡለታል፣ ለሊድ ጊታሩ ያፏጩለታል። ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ከባንዱ ጋር ፎቶ ሊነሱ ሲመጡ ደግሞ «እስኪ አንሳን» ተብሎ ስልኩ የሚሰጠው ለቤዝ ተጫዋቹ ነው። ቀልድ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል። ቤዝ ቢጠፋ ሰው «የሆነ ነገር ጎደለ» ይላል እንጂ ምን እንደጎደለ አያውቅም። የጨው ነገር ነው። ጨዋታው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይገለበጣል፤ በዚያ ዘፈን። እዚያ ላይ ሰው አፉን የሚከፍተው ለቤዙ ነው። ይመስለኝ ነበር።

ዜማውን መጀመሪያ የሰማሁት ሐምሌ 2 ቀን 1998 ዓ.ም. ማታ ነው። ቀኑን የማልረሳው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ስለነበረ ነው፤ ጣሊያንና ፈረንሳይ፣ በርሊን ላይ። ዚዳን ማቴራዚን ደረቱን በቴስታ ያለበት ማታ። ያኔ አስራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ኳስ ነፍሱ ነው፣ ግን ያን ቀን ራቱን በልቶ በጊዜ ተኛ። «ጣሊያን ዋንጫ ሲያነሳ ቁጭ ብዬ ባይ አያቴ ይታዘበኛል» አለ። እኔ የዚዳን ደጋፊ ስለነበርኩ ሰፈር ካለው ሻይ ቤት ሄድኩ። የሐምሌ ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከቴሌቪዥኑ ምንም አይሰማም። ሰው እርስ በርሱ በጩኸት ነው የሚያወራው። ከፍጹም ቅጣት ምቱ በኋላ ዝናቡ ጋብ አለ። ያኔ ከቴሌቪዥኑ ውስጥ ያ ድምፅ መጣ። «ፖ... ፖ-ፖ-ፖ-ፖ... ፖ... ፖ...» ጣሊያኖቹ ናቸው። በሺዎች የሚቆጠር ሰው፣ አንድ ቃል የለው፣ ፖ ፖ ብቻ።

እኔ በንዴት ወደ ቤት ገባሁ። በማግስቱ ጠዋት የሰፈራችን ልጆች ጭቃው ላይ የጨርቅ ኳስ እየለጉ ይሉታል። የጎረቤታችን ልጅ ውኃ ሊቀዳ ሲሄድ ጀሪካኑን እየመታ ይለዋል። እኛ ሰፈር «የጣሊያኖቹ» ነበር ስሙ። ለሦስት ዓመት ያህል የጣሊያን ባህላዊ ዘፈን ነው ብዬ አምኜ ኖሬያለሁ። የሆነ የወይን ለቀማ ዘፈን ምናምን።

ከዚያ የሚሞሪ ዘመን መጣ። ዘፈን የሚጭኑ ሱቆች ትዝ ይሏችኋል? ኮምፒውተር ላይ የተደረደረ ፎልደር፣ ሰልፍ፣ «ሁለት ጂቢ ሙላልኝ» ትላለህ፣ ልጁ ያገኘውን ሁሉ ይገለብጥልሃል። እኔ ቤዝ መማር የጀመርኩት ያኔ ነው። «የውጭ ጫንልኝ፣ ቤዝ የሚበዛበት» አልኩት። ጫነልኝ። ማታ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ፣ አንድ ጆሮው ብቻ የሚሠራ ኢርፎን ሰክቼ እሰማለሁ። ሰባት ድምፅ መጣ። ወፍራም፣ ዝግ ያለ። ብድግ አልኩ።

የጣሊያኖቹ!

ድራሙ ገባ። ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ከዚያ ጭራሽ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ፤ ሰውዬው መዝፈን ጀመረ። ዘፈኑ ለካ ግጥም አለው! በእንግሊዝኛ! እንዴት እንደደነገጥኩ ልነግራችሁ አልችልም። የጎረቤታችሁ ድመት አንድ ቀን «እንደምን አደራችሁ» ቢላችሁ ማለት ነው። ፋይሉ ላይ «ትራክ 7» ነው የሚለው። የማን እንደሆነ ለማወቅ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ የግጥሙን ስንኝ በሰማሁት መልኩ መጻፍ ነበረብኝ። የእንግሊዝኛ ጆሮዬ ያኔ ብዙም ስላልነበር ሦስት ቀን ፈጀብኝ። «ሰቨን ኔሽን አርሚ»። ኋይት ስትራይፕስ የሚባል ባንድ። ጣሊያኖች አይደሉም፣ አሜሪካኖች ናቸው፣ ከዲትሮይት። ስሙን ካገኘሁ በኋላ ፍለጋውን ተውኩት። ዜማውን ግን በቤዜ ያዝኩት።

ሆቴሉ ውስጥ መጀመሪያ የተጫወትነው በኋላ ነው፣ በአንድ የቻምፒየንስ ሊግ ማታ። ባንዳችን ኪቦርድ፣ ድራም፣ ሊድ ጊታር፣ እኔ፣ አንድ ወንድና አንድ ሴት ድምፃዊ ነው። የምንጫወተው የታወቀ ነው፤ ትዝታ፣ ጉራግኛ፣ የድሮ ዘፈን፣ መጨረሻ ላይ እስክስታ። ያን ማታ ኳሱ አልቆ ሰው ገና በስሜት ላይ እያለ፣ ዘፋኙ ሽንት ቤት ሄዶ ቆየ። ዝም ከምንል ብዬ ሰባቱን ድምፅ ጀመርኩ። መጀመሪያ አንድ ጠረጴዛ ቀና አለ። ሁለተኛው ዙር ላይ ሦስት ጠረጴዛ። ድራመራችን ገብቶት መሬት መሬቱን ይመታልኝ ጀመር። ከዚያማ አስተናጋጁ ሳይቀር ትሪውን ይዞ «ኦ... ኦ-ኦ-ኦ-ኦ...»። ዘፋኙ ሲመለስ በር ላይ ቆሞ አፈጠጠ። ሥራ አስኪያጁ በበኩሉ መጥቶ «ይሄ ኳስ ሜዳ አይደለም» አለኝ። እኔ ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤዝ ስለተጫወትኩ ተጨብጭቦልኝ ነበር። ያን ቀን ሥራ ቢያስወጣኝም ቅር አይለኝም ነበር። አላስወጣኝም። በሚቀጥለው የኳስ ማታ ራሱ መጥቶ «ያቺን ነገር አትጫወቷትም?» አለ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ያ ዘፈን የኔ ነው። «የቤዝ ብሔራዊ መዝሙር» እያልኩ ነው የምጠራው።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ጊታሪስት ከመድረኩ አጠገብ ተቀምጧል። ሙያተኛ መሆኑ ከአያያዙ ያስታውቃል፤ ሰው እግሩን ሲያወዛውዝ እሱ ጣቶቹን ነው የሚያወዛውዘው። ዕረፍት ላይ ጠራኝ።

«ወንድሜ፣ ቆንጆ አድርገህ ተጫወትካት። ግን ዘፈኑ ቤዝ እኮ የለውም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ቤዝ የለውማ። ጊታር ነው።»

ሳቅሁበት። አስራ ምናምን ዓመት የተጫወትኩትን ዘፈን! «ወንድም፣ ስፒከር ጠጋኝ ነኝ። ጆሮዬ እንጀራዬ ነው» አልኩት። «ሁለት አሳ» አለ። «ሁለት አሳ» አልኩ። ስልኩን አወጣና የዘፈኑን ቪዲዮ ከፈተ። እያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ሌላ ሦስት ማዕዘን፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ። አንድ ወንድ ጊታር ይዟል። አንዲት ሴት ድራም ላይ ተቀምጣለች። እስኪያልቅ አየሁት። ሌላ ሰው አልመጣም።

ባንዱ ራሱ ሁለት ሰው ነው።

አሳው መጣ። የቀረውን ታውቃላችሁ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነስቼ ያኔ የተውኩትን ፍለጋ ቀጠልኩ። ጃክ ኋይት ጊታርና ድምፅ፣ ሜግ ኋይት ድራም። እህትና ወንድም ነን ይሉ ነበር፤ ለካ ባልና ሚስት ነበሩ፣ 2000 ላይ ተፋተዋል። (ይሄም ሆነ ከዚህ በኋላ የምጽፋቸው ዓመታት የፈረንጅ ናቸው።) ተፋተው አብረው መጫወታቸው ይገርመኛል። እኛ ባንድ ውስጥ ሁለት ሰው በአንድ ኬብል ተጣልቶ ስድስት ወር ሳይነጋገር ያውቃል።

ያ ወፍራም ድምፅ ጊታር ነው። እግር ስር ዋሚ የሚባል ፔዳል አለ፣ የጊታሩን ድምፅ ይቀበልና አንድ ኦክታቭ አውርዶ ይመልሰዋል። ይሄ ለኔ ዓይነቱ ሰው ግልጽ ነው። የጊታር የላ ክር በሰከንድ 110 ጊዜ ይርገበገባል። ግማሹን፣ 55 ስታደርገው፣ የኔ ቤዝ የላ ክር ነው። በሒሳብ ቤዝ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ጆሮዬ አልዋሸኝም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አሳው ግን አይመለስም።

ዜማው የመጣለት ጥር 2002 አውስትራሊያ ውስጥ ነው፣ ሜልቦርን፣ ኮንሰርት ሊጀምሩ ድምፅ ሲፈትሹ። ሙዚቀኛ ይህን ያውቃል። ድምፅ ስትፈትሽ ጣትህ የሚሄድበትን አትቆጣጠረውም፣ «ቼክ፣ ቼክ» እየተባለ የሆነ ነገር ይወጣሃል፣ ከዚያ ትረሳዋለህ። እሱ አልረሳውም። ግን ለራሱ ዘፈንም አላሰበውም፤ አንድ ቀን የጄምስ ቦንድ ፊልም ሙዚቃ ሥራ ቢሉኝ እጠቀምበታለሁ ብሎ አስቀመጠው። ኋላ ማን ይጠራኛል አለና ለባንዱ አደረገው። 2008 ላይ የጄምስ ቦንድ ሰዎች ጠሩት! ሌላ ዘፈን ሠራላቸው።

ስሙም የልጅ ነገር ነው። ሳልቬሽን አርሚ የሚባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት ልጅ ሆኖ «ሰቨን ኔሽን አርሚ» ይመስለው ነበር። የኔ ልጅ ማይክሮፎንን «ማይክሮፉርኖ» ትለዋለች፤ ማን ያውቃል።

የቀዱት ለንደን ውስጥ ባለች ትንሽ ስቱዲዮ ነው፣ በቴፕ። ኮምፒውተር የሚባል ነገር ሳይነኩ። አሮጌ ዕቃ እወዳለሁና ይሄን ሳነብ ልቤ ሞቀ። ሱቄ ውስጥ ማንም የማይፈልጋቸው ሁለት የቴፕ ማጫወቻዎች አሉ፣ ባለቤቴ «መቼ ነው የምትጥላቸው?» ትለኛለች። ያን ጽሑፍ አነበብኩላት። አልሠራም።

ዘፈኑ 2003 ላይ ሊወጣ ሲል አሳታሚው ሌላ ዘፈን ይቅደም ብሎ ነበር። ጃክ ግን ይሄኛው ካልሆነ አለ። ወጣ። እንግሊዝ ውስጥ 7ኛ ደረጃ ድረስ ሄደ። አሜሪካ ውስጥ የሮክ ሬዲዮዎቹ አንደኛ አድርገውት ነበር፣ በትልቁ የመቶዎቹ ሰንጠረዥ ግን ከ76ኛ አላለፈም። በሚቀጥለው ዓመት የምርጥ ሮክ ዘፈን ግራሚ ወሰደ። ደህና ነው፣ ጥሩ ነው። ግን እዚህ ላይ ቢያበቃ እኔ ሰባቱን ድምፅ ባሕር ዳር ሆኜ ልሰማው አልችልም ነበር። 76ኛ የወጣ ዘፈን ዓባይን ተሻግሮ እኛ ሰፈር አይደርስም።

ያደረሱት ቤልጅጎች ናቸው። ጥቅምት 2003፣ ክለብ ብሩዥ ከኤሲ ሚላን ጋር ሊጫወት ሚላኖ ይሄዳል። ሚላን ያኔ የአውሮፓ ሻምፒዮን ነው። የብሩዥ ደጋፊዎች ከጨዋታው በፊት አንድ መጠጥ ቤት ገብተው ይጠጣሉ፣ ዘፈኑ ይከፈታል። ግጥሙን ትተው ዜማውን ያዙ። ዜማውን ይዘው ሳን ሲሮ ገቡ። ያን ማታ ማንም ያልጠበቀው ሆነ፤ ሜንዶዛ የሚባል ፔሩአዊ አንድ አገባና ብሩዥ 1 ለ 0 አሸነፈ። እስቲ አስቡት፣ 3 ለ 0 ተሸንፈው ቢሆን ኖሮ ያን ዜማ ዳግም አፋቸው ላይ ያነሱታል? ገደ ቢስ ነው ብለው ይተዉት ነበር። አሸነፉና ይዘውት አገራቸው ገቡ። የካቲት 2006 ደግሞ ሮማ ብሩዥ ድረስ ሄዶ 2 ለ 1 አሸነፈ። የሮማ ደጋፊዎች ከተጋጣሚያቸው ላይ ወሰዱት። የሮማው አምበል ቶቲ ራሱ ዘፈኑን እዚያ ሜዳ ከመግባቱ በፊት ሰምቶት አያውቅም ነበር። ከዚያ የጣሊያን ብሔራዊ ቡድን፣ ከዚያ በርሊን፣ ከዚያ እኛ ሰፈር ሻይ ቤት፣ ከዝናቡ በኋላ።

ጃክ ኋይት ጣሊያኖቹ ዘፈኑን የራሳቸው ማድረጋቸው ክብር ነው ብሏል። እኔ ብሆን «ግጥሜስ?» እል ነበር። ግን አስቡት፣ እኛስ ስንቱን የሕዝብ ዜማ ማን እንዳወጣው ሳንጠይቅ ነው የምንዘፍነው። የሆነ አዝማሪ የሆነ ቀን፣ የሆነ ድግስ ላይ፣ ማሲንቆውን እየቃኘ ጣቱ የሄደበት ነው እኮ።

ስለ ሜግም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ድራም አትችልም የሚሏት ብዙ ናቸው። ዱም ዱም ብቻ ነው ይላሉ። እነዚህ ሰዎች አንድ ቀን ሰርግ ቤት መጥተው የእናቶችን ከበሮ ይስሙ። ዱም ዱም የምትለውን ሳያፋጥኑ አራት ደቂቃ መያዝ እንዴት እንደሚያቃጥል የኛ ድራመር ይመስክር። እሱ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ መጣደፍ ይጀምራል።

2018 ክረምት ላይ፣ በሩሲያው ዓለም ዋንጫ፣ ቡድኖቹ ወደ ሜዳ ሲገቡ ይህ ዜማ ነበር የሚከፈተው። በዚያው ዓመት የኛዎቹ የጣና ሞገዶች፣ ባሕር ዳር ከነማ፣ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደጉ። የሰፈራችን ባጃጆች በጥሩምባ ይሉት ነበር። ባጃጅ ጥሩምባ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ሆኖም ሰው ሁሉ ይገባዋል። ጣጥ... ጣ-ጣ-ጣ-ጣ... ጣጥ... ጣጥ። ባንዱ 2011 ላይ ተበትኗል። ባጃጁ አልሰማም።

እሁድ ከሰዓት፣ የአሳው ነገር ገና ከሆዴ ሳይወጣ፣ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ወደ ገዳማቱ የሚሄዱት ጀልባዎች ከሚነሱበት ትንሽ ራቅ ብሎ ሾላ ዛፍ ስር ቡና አለ። አንድ ክራር የሚጫወት ልጅ እዚያ አይጠፋም። ጎበዝ ነው። ክራሩን ትዝታ ቃኝቶ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦታል።

«ጋሼ፣ ምነው ደበረህ?»

ነገርኩት። ሳቀ። «የትኛዋ ናት? በላት እስኪ» አለ። አንጎራጎርኩለት። ሁለቴ ሰማና ፈለጋት። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ድምፆች ወዲያው አገኛቸው፤ ሚ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሚ፣ ሬ፣ ዶ። ሁሉም ትዝታ ውስጥ አሉ። ሰባተኛው ላይ ቆመ። ዘፈኑ ሲ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ትዝታ ደግሞ ሲ የለውም፣ ላ ነው ያለው። ለእኔ ይሄ ዜና ነበር። ዘፈኑ በአምስት ድምፅ ነው የተሠራው፣ ልክ እንደ ቅኝቶቻችን። ከትዝታ የሚለየው በአንዲት ክር ብቻ!

«አጥብቃታ፣ አንድ ሙሉ ድምፅ» አልኩት። መቃኛዋን በሁለት ጣቱ ያዘና ጆሮውን ወደ ክራሩ አዘንብሎ ቀስ አድርጎ አጠበቃት። ክሯ ሲጥ አለች። ትበጠሳለች ብዬ ፈራሁ። አልተበጠሰችም። መታት። ሰባቱም ልክ። ስድስት ክር፣ ፔዳል የለ፣ ቤዝ የለ። እኔ እግሬን መሬት ላይ ዱም ዱም አልኩለት። ጀልባ የሚጠብቁ ወጣቶች «ኦ... ኦ-ኦ-ኦ-ኦ...» ብለው ተቀበሉን።

ሲስቁ፣ ሲቀርጹ፣ ጀልባቸው መጣና ሄዱ። ልጁ ክሯን ወደ ላ መለሳት፣ ማታ ሥራ አለበት። ከዚያ እንዲሁ በዋዛ፣ ሳይቃኛት፣ ያቺኑ ዜማ በትዝታው ሞከራት። ዝግ አድርጎ። የመጨረሻዋ ድምፅ ሲ ላይ መቆም ሲገባት ላ ላይ ወረደች። ሁለታችንም ዝም አልን። ደገማት።

ቡና የምትቀዳው ልጅ ጀበናዋን እንደያዘች ዞረች።

«የኳሷ አይደለችም እንዴ?»

«ናት» አልኳት።

«ምነው፣ ተሸነፉ?»